የካንቴ አለቆች አይጮሁም

የፊልም ዳይሬክተሩን ሎራን ካንቴን ለማያውቅ ሰው በየትኛው ፊልሙ ይጀምር ብትሉኝ፣ ሁሉም የሚጠራውን የካን ፌስቲቫል አሸናፊ አልጠራም። በ1999 የተሠራውን «የሰው ኃይል» ነው የምለው። ፍራንክ የተባለ ወጣት ፓሪስ ውስጥ ቢዝነስ ሲማር ቆይቶ ለልምምድ ወደ ትውልድ ከተማው ፋብሪካ ይመጣል። አባቱ እዚያው 30 ዓመት ማሽን ላይ የቆሙ ሠራተኛ ናቸው፤ የልጁ ወንበር ግን ከአለቆቹ ጋር ነው። በሳምንት 35 ሰዓት የመሥራት ሕግ እየመጣ ስለነበር፣ የሠራተኛውን ሐሳብ ልስማ ብሎ በቅን ልቦና መጠይቅ ይበትናል። ለካስ አለቆቹ መጠይቁን ለቅነሳ መሸፈኛ አድርገውታል፤ ከሚባረሩት መካከል አባቱም አሉበት።

ስለ ሠራተኛ የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚያሰለቹኝ፣ ገና ሲጀምሩ ማንን መጥላት እንዳለብኝ ስለሚነግሩኝ ነው። የካንቴ አለቃ ግን ትሑት ነው፤ ልጁን ያበረታታዋል። ትልቁ ቁጣ የሚፈነዳው፣ አድማ ተመትቶ እንኳ ከማሽናቸው አልላቀቅ ባሉት አባት ላይ ነው። የሠራተኛ ልጅ በመሆኑ ማፈርን ያወረሱት እሳቸው መሆናቸውን ልጁ ሰው ሁሉ እየሰማ ይነግራቸዋል። ያን ትዕይንት ደግሜ ለማየት እስካሁን አልደፈርኩም።

በ2001 «የጊዜ ሰሌዳ»ን ሠራ። ከሥራ የተባረረ ሰው ለቤተሰቡ ሳይናገር፣ ጄኔቭ ትልቅ ሥራ አገኘሁ እያለ ቀኑን መኪና ውስጥ ይገፋል። መነሻው ቤተሰቡን የገደለ የአንድ ፈረንሳዊ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ካንቴ ግድያውን አውጥቶ ውሸቱን ብቻ አስቀረ። ደም ቢኖርበት ኖሮ ስለ ሌላ ሰው ነው ብለን በተገላገልን ነበር።

«በግድግዳዎቹ መካከል» በ2008 የካንን ትልቅ ሽልማት ፓልም ዶርን ሲወስድ፣ የፈረንሳይ ፊልም ሽልማቱን ካገኘ 21 ዓመት ሆኖት ነበር። በፊልሙ የሚታዩት ተማሪዎች የፓሪስ 20ኛ ወረዳ እውነተኛ ተማሪዎች ናቸው፤ መምህሩን የተጫወተው ፊልሙ የተመሠረተበትን መጽሐፍ የጻፈው የቀድሞ መምህር ፍራንሷ ቤጎዶ ነው። አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ አብረው ተለማመዱ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ካሜራ ነበር፦ አንዱ መምህሩ ላይ፣ አንዱ በሚናገረው ተማሪ ላይ፣ ሦስተኛው ያልታሰበ ነገር ቢመጣ የሚጠብቅ። የመምህራን ልጅ የሆነው ካንቴ መምህሩን ጻድቅ አላደረገውም፤ ሰውየው ተማሪዎቹን ይሰድባል፣ ከዚያም ራሱን ይከላከላል።

ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሁሉ አልያዙልኝም። በሚያዝያ 2024 በ63 ዓመቱ ሲሞት «ኤንዞ»ን እያዘጋጀ ነበር፦ የሀብታም ቤት ልጅ ግንበኝነት ልማር ብሎ ይወጣል። የረጅም ዘመን ኤዲተሩና የስክሪፕት ባልደረባው ሮባን ካምፒዮ ቀረጸው። በ2025 ሲወጣ ፊልሙ ላይ የተጻፈው «የሎራን ካንቴ ፊልም፣ ዳይሬክተር ሮባን ካምፒዮ» የሚል ነው።