በአንገት ላይ ያለ ብር

የአክሱም ነገሥታት የግሪክ ፊደል የተቀረጸበት የወርቅና የብር ገንዘብ ያሠሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥንታዊ ገንዘብ በውጭ አገር በወርቅ አስከብበው በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ ሰዎች አሉ። በእኛ በጅማ ግን ጌጥ የሆነው ጠገራው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም፥ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ ብዙ ዘመን ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። የቡና ነጋዴ በሂርማታ ገበያ ይቆጥረው ነበር፤ አንጥረኛም አቅልጦ አምባር ይሠራበት፥ ወይም ማንጠልጠያ አበጅቶለት የአንገት ጌጥ ያደርገው ነበር።

በመምህርነቴ ዘመን በኪቶ ፉርዲሳ የምትኖር አንዲት እናት ከአንገት ጌጧ አንዱን ብር ፈትታ ሸጠች፤ በገንዘቡም ለልጅዋ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዛች። ልጅቱ የጌጡን መጉደል አይታ አፈረች። እኔም «ልጄ፥ የጎደለው ቦታ ከቀሩት ብሮች ይልቅ ያምራል፤ እናትሽ ያን ቦታ በአንቺ ሞልታዋለችና» አልኋት።

ወጣቶች ሆይ፥ ማጌጥ ነውር አይደለም። ነገር ግን በችግር ቀን ለሰው የማይደርስ ጌጥ ከብረት አይሻልም። ስለዚህ የእናቶቻችሁን ጌጥ ስታዩ፥ ስንት ያወጣል ከማለታችሁ አስቀድሞ፥ ለማን ተብሎ ተቀመጠ ብላችሁ ጠይቁ።