ሳይቸግር ጤፍ ብድር… በሞተር ሳይክል!

የዛሬው ጨዋታዬ ከወደ ቦንጋ ነው። ስለ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ለነገሩ እዚህ እኛ ጋ ሞተር ከፍቅረኛ አትተናነስም! ቡና ታመላልሳለች፣ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፣ የቤት ኪራይ ትከፍላለች።

መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከያዘ ወዲህ የባለሞተር ሁሉ ወሬ ቤንዚን ሆኗል። እኔንም አንድ መካኒክ ወዳጄ ይዞኝ ሰነበተ። «ብራዘር፣ የካርቡራተሯን የቤንዚን ቀዳዳ እናስፋው፣ ፊልትሮዋን እናውልቅ፣ ማርሚታዋን እንክፈትላት፤ ትበራለች፣ ቤንዚንም ትቆጥባለች!» ይለኛል። ያጓጓል። ግን የጠየቀኝ ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ሸራ ያስቀመጥኩት ስለነበር፣ ኪሴ ከመግባቴ በፊት ነገሩን አላመጥኩት።

እስቲ አብረን እናስላ። 1 ግራም ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከመቶ 15 እጅ ያህል የሳሳ ነው። ታዲያ ቀዳዳው ቢሰፋ ቤንዚኑ በዛ እንጂ አየሩ መቼ በዛ? ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው!

እዚህ ከፍታ ላይ ካስፈለገ የሚያስፈልገው ጠበብ ያለ ቀዳዳ ነው። እሱም ልክ አለው። ከመጠን በላይ ካጠበባችሁት በጅማ መንገድ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ስትወርዱ አየሩ ወፈር ይላል፤ ቤንዚን ያንሳታል፣ ሞተሯ ትግላለች፣ ፒስተኗም ሊነክስ ይችላል።

ፊልትሮ ማውለቅስ? አየር ያስገባል፤ ግን የበጋውን አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ይከተዋል። የተከፈተ ማርሚታ ደግሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል እንጂ ዳገት አያስወጣም።

መካኒክ ከማመናችሁ በፊት ካንዴላዋን ፈትታችሁ እዩ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘች ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነች አንሷል። በልኩ እንደተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነች ግን ሞተራችሁ ጤነኛ ናት፣ አትነካኳት! ካርቡራተር የሌላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮችማ አየሩን ራሳቸው እየለኩ ቤንዚኑን ይመጥናሉ።

ሂሳቡም አይከብድም። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው ሳይሆን ከማደያ አፍ እስከ አፍ ሙሏት። ሳምንት ነድታችሁ መልሳችሁ ስትሞሉ ስንት ሊትር እንደገባ ጻፉ። እንበል 10 ሊትር ነው። ማስተካከያው ከመቶ 5 እጅ ቢቆጥብላችሁ ትርፋችሁ በሳምንት ግማሽ ሊትር ነው። የተጠየቃችሁትን ገንዘብ ለግማሽ ሊትር ዋጋ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ወጪያችሁ እስኪመለስ የምትጠብቁት ሳምንት ነው። እኔ ሳካፍለው ሳቄ መጣ!

እናም ወዳጄን አመስግኜ፣ ካርቡራተሯን ብቻ አሳጠብኩ፣ ሚኒሞዋን አስተካከልኩ፣ ሰንሰለቷን ዘይት ቀባሁ። የቀረው ገንዘብ ለታሰበለት ለጎማና ለፍሬን ሸራ ዋለ። የካፋ ዝናብ ሲዘንብ፣ ቀዩ ጭቃ ቁልቁለቱ ላይ ሲያንሸራትት፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው የሚፈልገው መብረር ሳይሆን በሰላም ቤቱ መግባት ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር እንሰንብት!