ፈረንሳይኛና የቦሌ ተማሪ

ፈረንሳይኛ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደለም፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ቋንቋ፣ ማለትም ሌሎች ትምህርቶች የሚሰጡበት ቋንቋ፣ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ የጅቡቲው ባቡር ሥራም በእሱ ይካሄድ ስለነበር ቋንቋውን የያዘ ወጣት እንጀራ አያጣም ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ፈረንሳይኛን ይዞ ቢዘልቅም፣ በሩ የሚበቃው ለጥቂቶች ነው።

የሚገርመው የቦሌ አየር ማረፊያ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአቢጃን፣ ከዳካርና ከኪንሻሳ የሚያመጣቸው መንገደኞች በትራንዚት አዳራሹ በፈረንሳይኛ እየተጨዋወቱ ሲያልፉ፣ እዚያው አጠገብ በገርጂ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ «ቦንዡር» እና «ሜርሲ» ካልተቆጠሩ በቀር፣ የሚመልሰው ቃል የለውም።

ለመሆኑ ከአንባቢያን መካከል ፈረንሳይኛን በሁለተኛ ደረጃ ተምሮ ቦሌ ላይ እንጀራ የበላበት ይኖር ይሆን?