ጠቋሚ

«ጠቋሚ» ብሎ ማመስገን በአማርኛ ያስቸግራል። ቃሉ ሲነሳ ቶሎ ፊታችን የሚደቀነው ጎረቤቱን አሳልፎ የሰጠው ጆሮ ጠቢ ነው። ስለ ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ግን ይህንኑ ስም መርጧል። ጥበቃውም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የአለቃውን ጥፋት ሊናገር የተነሳ ወታደር፣ እንግዲህ፣ መጀመሪያ የወንጀል ሕጉን ማገላበጥ አለበት።

*

የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ፣ አይሲድ ቀበሌ። የጸጥታ ኃይል አባላት የያዟቸውን ሰዎች ገደሉ፤ አንዱን ከነሕይወቱ አቃጠሉት። ቪዲዮው አደባባይ የወጣው ከሳምንት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) መርምሮ ድርጊቱን አረጋገጠ፤ መንግሥትም ርምጃ እወስዳለሁ አለ።

በቪዲዮው ውስጥ ሳቅና ፌዝ ይሰማል። ስልኩን ያነሳው እጅ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ልያዝ ብሎ ያነሳ አይመስለኝም። እዚያ የቆመው ባለ ዩኒፎርም ሁሉ አይቷል፤ አለቆች የሰሙት ግን ከፌስቡክ ነው እንድንል ይፈለጋል። በዋዜማው የጸጥታ ኃይል አጀብ ተመትቶ ሰው ሞቶ ነበር። ንዴቱ ይገባኛል፤ እሳቱ አይገባኝም።

ጉባ የሕዳሴ ግድብ ያለበት ወረዳ ነው። ስንት ካሜራ ገብቶ ወጥቶበታል!

*

ያልተሰማ የወታደር አቤቱታ የት እንደሚደርስ አይተናል። ጥር 1966 ዓ.ም.፣ ነገሌ ቦረና። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ምግቡም አይበላም ነበር። አቤቱታ ሊሰሙ የሄዱትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሩ አግቶ ያንኑ አበላቸው፣ ያንኑ አጠጣቸው። ጄኔራሉ ታመሙ፤ አቤቱታውን ቀመሱት ማለት ነው። በየካቲት አድማው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ገባ። በሰኔ ደርግ ተቋቋመ።

*

በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አቧራ የጠጣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አየሁ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ኃላፊው ጋ ነዋ!» አለችኝ ጸሐፊዋ፣ ጥያቄዬ ገርሟት።

ወታደር ቅሬታውን በዕዝ ሰንሰለቱ ያቅርብ ሲባል ያ ሳጥን ትዝ ይለኛል።

*

አሜሪካዊው የሄሊኮፕተር አብራሪ ሂዩ ቶምፕሰን በ1968 እ.ኤ.አ. ማይ ላይ በተባለው የቬትናም መንደር ሄሊኮፕተሩን በገበሬዎቹና በገዛ ጓዶቹ መካከል አሳረፈ፤ ያየውን ጭፍጨፋም ለአለቆቹ ተናገረ። አገሩ ለዓመታት እንደ ከሃዲ አየችው። ሜዳሊያው በ1998 መጣ። ሠላሳ ዓመት! እኛ ጋ ሜዳሊያው ይቅርና ሰላምታው አይቋረጥበት።

*

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደል በይርጋ አይታገድም ይላል። አይሲድ ቆመህ ያየኸው ወንድሜ፣ ጊዜው አላለፈብህም።