የማክሰኝት ሌሊት የማን ኃላፊነት ነው?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ አዘዞን አልፎ የሚገኘው ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ጤፍና ሽምብራ ይሸጥበታል፣ አይሱዙ ይቆምበታል፣ በገበያ ቀን ገጠሩ ይጎርፍበታል። እንዲህ ባለ ከተማ ሌሊት ሱቅ ሲሰበር ባለሱቁ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ግብር የሚከፍለው እዚያ ነዋ! ችግሩ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ያስነሳል፣ መንገድ ይከፍታል እንጂ የራሱን ፖሊስ አያቋቁምም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ፖሊስ ማደራጀትን ለክልል ሰጥቷል። ታች ያለው የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አንድ እግሩ በወረዳው አስተዳደር፣ ሌላው በፖሊስ መዋቅሩ ውስጥ ነው። ትንሽ ከተማ የምትችለው መለመንና ያላትን መቁጠር ነው።

ካሏት አንዱ ሚሊሻ ነው። ርካሽ ነው፣ አገሩን ያውቃል፣ የሌባውንም አባት ያውቃል። ጉልበቱም ድካሙም ይኸው ማወቁ ነው። ደግሞ ሌባ መያዝ የሥራው ጅምር እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የምስክር ቃል መጻፍ፣ ማስረጃ ማቆየት አለ። ጠመንጃ ይህን አይሠራም።

ሁለተኛው ነጋዴዎች አዋጥተው የሚቀጥሩት ዘበኛ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ወንጀለኛ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ዘበኛውም ከዚህ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ግን አንድ ነገር አለው፦ ተኝቶ ከተገኘ ያዋጡት ሰዎች ያሰናብቱታል። የወረዳውን ፖሊስ ባለሱቁ ሊያሰናብተው ቀርቶ ሌሊት የት እንደነበር ለመጠየቅም ይፈራል።

የድሮ ሰው በዚህ በኩል ብልህ ነበር። በአውጫጭ ጊዜ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ምስጢር የሚያቀብሉት «ወፎች» ይባሉ ነበር። ዘዴው ሁሉንም ተጠያቂ ያደርግ ነበር፤ ወገን የሌለው እንግዳ ሰው ላይም በቀላሉ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ይመለስ የሚል ካለ ቆም ብሎ ያስብ።

በአሜሪካ ሌክውድ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትመሠረት የራሷን ፖሊስ ከማቋቋም ይልቅ ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ አገልግሎቱን በውል ገዛች። ካውንቲውን ወረዳ ብለን ብንወስደው፣ ከተማዋ ለጥበቃው ትከፍላለች፣ ምን ያህል ጥበቃ እንደምትፈልግም በውል ትነጋገራለች። ማክሰኝት የሌክውድ ገንዘብ የላትም። የውሉ ሐሳብ ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች መልሶ ማደራጀት ታወጀ፤ በሐምሌ 28 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መለዮ የለበሰ ሰው ሌባ ጠባቂ ብቻ ሆኖ አይታይም። ዛሬ ለአንድ የሠፈር ልጅ የሚሊሻ ጠመንጃ መስጠት የበጀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁን በሁለት ወገን ተኩስ መካከል ማቆም ነው። እናቱም ይህን ከሹሙ ቀድማ ታውቃለች። እገታውን ደግሞ ባትሪና ዱላ የያዘ ዘበኛ አያቆመውም። ሌሊቱን ሁሉ በዘበኛ እንሸፍነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ይዘሏታል።

ስለዚህ ለከተማዋ ሹሞች የሚቀርበው አማራጭ ትልቅ አይደለም። ሱቁንና ገበያውን ለዘበኛ፣ ክሱንና ምርመራውን ለፖሊስ መተው፤ ሚሊሻውን ከከተማ ውስጥ ምርመራ ማራቅ። ከዚያ ከወረዳው ፖሊስ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት መፈራረም፦ ሌሊት ስንት ፖሊስ ተረኛ ነው፣ ለመኪናው ነዳጅ የሚሞላው ማነው (በብዙ ወረዳ «ከሳሹ ራሱ ይሙላ ተባለ» የሚል ቅሬታ ይሰማልና)፣ ዘበኛው የያዘውን ሰው ለማን ያስረክባል፣ ባለሱቁ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት የሚደውልለት ስልክ የማን ነው። ወረቀቱም በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ባለሱቁ ጠዋት የሚመጣው እዚያው ነውና።