የጐማ ዕድሜ በማን አቈጣጠር?

በቅሎ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ማየቱ ከአባቶቻችን ሲያያዝ የመጣ ልማድ ነው። ሻጭ ገላዋን አጥቦ፥ ለአንድ ሳምንት ገብስ አጥግቦ፥ በጥሩ ኮርቻ አስጊጦ ሊያቀርባት ይችላል፤ ጥርስ ግን በአንድ ሳምንት አይለወጥምና ዐዋቂ ገዢ የሻጩን ቃል ትቶ ጥርሷን ያምናል። መኪና የቤታችን መጓጓዣ ከሆነ ወዲህ ይህ ልማድ ወደ ጐማ ገበያ ተሻግሯል። በጐማ ፊት ላይ የተቈረጠውን ሸንተረር ሕዝባችን «ጥርስ» ብሎ ስለ ሰየመው፥ ያገለገለ ጐማ የሚገዛ ሁሉ ጐንበስ ብሎ ጥርሱን ይዳስሳል፤ ጥልቅ ሆኖ ባገኘው ጊዜም «ገና ነው» ብሎ ገንዘቡን ይቈጥራል። በጐማ ዘንድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። የበቅሎ ጥርስ ዕድሜዋን ይናገራል፤ የጐማ ጥርስ የሚናገረው ግን የሄደበትን መንገድ ብዛት እንጂ የኖረበትን ዘመን አይደለም። ዐሥር ዓመት በመጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጐማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ሥጋው ግን አርጅቷል።

ያልሠራ ጐማ እንዴት ያረጃል? ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ላስቲክ በመጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ከሚንጠባጠብ ወተት መሳይ ፈሳሽ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በፈረንጅ 1839 ዓ.ም. ይህን ነገር ከድኝ ጋራ ቀላቅሎ በእሳት ቢያበስለው ሙቀትም ብርድም የሚችል ጽኑ ላስቲክ ሆኖ አገኘው። ነፋስ የተሞላበትን ጐማ ደግሞ በፈረንጅ 1888 ዓ.ም. ለሥራ ያበቃው በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም ሲሆን፥ የሠራውም ትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌቱን ሲነዳ እንዳይንገጫገጭበት ብሎ ነው።

የዛሬው የመኪና ጐማ ግን አንድ ወጥ ላስቲክ አይደለም። በውስጡ በቀጭን የብረት ሽቦ የተሠራ መቀነት በንብርብር ተነጥፎበታል፤ ንብርብሩን እርስ በርሱ አጣብቆ የሚይዘውም ላስቲኩ ራሱ ነው። በጐማው ውስጥ ታምቆ ያለው አየር ኦክሲጅን አለበትና ቀስ በቀስ በላስቲኩ ሥጋ ውስጥ እየሰረገ ያደርቀዋል፤ ከውጭም የፀሓይ ጨረር እንዲሁ ያደርገዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ሥራው ይፈጥናል። የደረቀ ላስቲክ ሽቦውን አጥብቆ መያዝ ስለሚሳነው፥ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ንብርብሩ ይላቀቅና የላይኛው ቆዳ ጥርሱን እንደ ያዘ ተገንጥሎ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን አስቀድሞ በዐይን የሚታይ ምልክት ላይኖር ይችላል።

በግቢ ውስጥ ቆሞ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ የሚወጣ መኪና ያላቸው አንባቢዎቻችን ይህንን በተለይ ልብ ቢሉት እንወድዳለን። ጐማ ሠሪዎች ከላስቲኩ ጋራ ሰም የመሰለ መከላከያ ይቀላቅሉበታል፤ ይህም ጐማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ወደ ላይ እየወጣ ቆዳውን ያለብሰዋል። መኪናው ሁልጊዜ ከቆመ ግን እንደሚገባው አይወጣም። ጌታው «አልነዳሁትምና አዲስ ነው» ይላል፤ ጐማው ደግሞ ስላልተነዳ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር የእኅታችን ልጅ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ነበርና አራቱንም ጐማ ለመለወጥ አሰበ። እርሱ የሦስት ልጆች አባት ነው። ባለቤቱ ታናሹ ልጅ ታሞ በነበረ ጊዜ ለቍልቢ ገብርኤል ተስላ ስለ ነበረች፥ ለታኅሣሥ 19 ልጆቹን ይዘው በገዛ መኪናቸው ሊወርዱ ቈርጠዋል። የአዲስ ጐማ ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዙ ቢበልጥበት ወደ ያገለገለው ፊቱን መለሰ፤ እኛንም «አጎቴ፥ እርስዎ ከጐኔ ቢቆሙ አይቀልዱብኝም» ብሎ ወደ መርካቶ ይዞን ወረደ።

ሻጩ ጨዋ ጐልማሳ ነው። ጐማውን እያንከባለለ አመጣልን፤ እውነትም ያምራል፤ ጥርሱ ጥልቅ፥ ቆዳው እንደ ተወለወለ ጫማ ጥቍር ነው። (ጥቍረቱ ከቀለም የመጣ መሆኑን በኋላ በመሐረባችን አረጋግጠናል።) የእኅታችን ልጅ ጥርሱን ዳስሶ ደስ አለው። እኛ ግን ሥራችን በፍርድ ቤት ሰነድ መመርመር ስለ ሆነ፥ አንድ ጽሑፍ በቀረበልን ጊዜ ቃሉን ከማንበባችን በፊት የተጻፈበትን ቀን እንፈልጋለን፤ ስለዚህም «ይህ ጐማ መቼ ተሠራ?» ብለን ጠየቅን።

«ጋሼ፥ ይመልከቱት እንጂ፤ ተጽፎበታል። 17 ይላል፤ የዘንድሮ ነው» አለና በጣቱ አሳየን።

እውነትም ተጽፎበታል። በጐማው ጐን ዲ፥ ኦ፥ ቲ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ይገኛሉ፤ እነርሱን ተከትሎ ከሚመጣው ረጅም ምልክት መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የጐማው የልደት ቀን ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። በዚያ ጐማ ላይ የታተመው 2517 ነበረ። ወቅቱም 2017 ዓ.ም. ነውና ሻጩ «የዘንድሮ ነው» ማለቱ ላልመረመረ ሰው እውነት ይመስላል።

እኛም «ወንድሜ፥ 25ኛው ሳምንት ከመስከረም ሲቈጠር የካቲት ላይ ይውላል። ዛሬ ደግሞ ኅዳር ነው። እንዲህ ከሆነ ይህ ጐማ ገና አልተወለደምን?» አልነው። የእኅታችን ልጅ ሣቀ፤ ሻጩም አብሮ ሣቀና «እኔም የተነገረኝን ነው የምናገረው» አለ። ይህንንም ሲል በእውነት የተናገረ መስሎናል፤ ብዙ ሻጭ ይህን ቍጥር ሲያነብ በገዛ አገሩ ዘመን እንጂ በሌላ አያነበውም።

አቈጣጠሩ የፈረንጅ ነው። በልጅነታችን ባሕረ ሐሳብን ከመሪ ጌታ፥ የፈረንጁን ወር ደግሞ ከሚሲዮን መምህር የተማርን ስለ ሆነ ይህ ለእኛ አልከበደንም፤ ለሌላውም እንዳይከብድ መንገዱን እናሳያለን። የሳምንቱ ቍጥር ከ36 የማይበልጥ ከሆነ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል፤ ከ37 ጀምሮ ከሆነ ግን የእኛ መስከረም ገብቷልና 7 ይቀነሳል። እንግዲህ 2517 ማለት የፈረንጅ 2017 25ኛ ሳምንት፥ በእኛ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። «የዘንድሮ» የተባለው ጐማ በዚያ ቀን ሰባት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖት ነበር። ፎርድን የመሳሰሉ መኪና ሠሪዎች ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ጐማ በስድስት ዓመት እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ከጐማ ሠሪዎችም ብዙዎቹ ከዐሥር ዓመት ወዲያ በማናቸውም ምክንያት እንዳይነዳበት ይላሉ። አኃዙ ሦስት ብቻ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ሒሳብ አያስፈልገውም፤ አራት አኃዝ መታተም የተጀመረው በፈረንጅ 2000 ዓ.ም. ነውና ያ ጐማ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ቍጥሩ የሚታተመው በአንድ ጐኑ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጐማውን ገልብጦ ማየት ይገባል። በመኪና ላይ የተገጠመ ከሆነም ከሥር መግባት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለልብስ ማሰብ በዚህ ቦታ አይጠቅምም። እኛ ከዚያ ስንወጣ ዞር ብለን ብናይ ሻጩ ጐማውን ቍጥሩ ወደ ግድግዳው እንዲሆን አድርጎ አዙሮታል።

ማታ በቤት ክርክር ሆነ። የእኅታችን ልጅ «አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዓይነት ጐማ የሚሄደው ስንቱ ነው? ሁሉ ይገለበጣልን?» አለን። ሁሉ እንደማይገለበጥ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን በከተማ መካከል በዝግታ መሄድና ወደ አዋሽ መውረድ አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶ ከባሕር በላይ 1,000 ሜትር ወደማይሞላው ወደ አዋሽ ሲወረድ አየሩ ይግላል፥ መንገዱ ይግላል፤ መኪናው ሰውና ስንቅ ተጭኖበታል፤ ቀጥ ያለው ሜዳም ነጂውን ለፍጥነት ይጋብዘዋል። በፈረንጅ 2000 ዓ.ም. ፋየርስቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጕድለት የተገኘባቸውን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጐማዎች ሲሰበስብ፥ አደጋው የበዛው እንደ ቴክሳስ፥ ፍሎሪዳና አሪዞና ባሉት ሞቃት ግዛቶች ነበረ።

ነገሩን የቈረጠችው ግን ባለቤቱ ናት። ቡናውን እየቀዳች ስትሰማን ቈይታ «ጋሼ፥ እኔ የተሳልኩት ልጄ ስለ ዳነልኝ ነው። የዳነልኝን ልጅ በዚህ ጐማ ላይ ላስቀምጠው?» አለች። ቀጥላም «ንግሡ በሐምሌም አለ፤ ዕቁባችን ደግሞ ግንቦት ላይ ያበቃል፤ ዕጣው ቢዘገይ እንኳ እስከዚያ ይደርሰናል» አለች። ባልዋ ዝም አለ። በሐምሌ 19 ስሙ እምብዛም ባልታወቀ ፋብሪካ በተሠሩ አራት አዲስ ጐማዎች ሄደው በደኅና ተመልሰዋል። እኛም ስመ ጥር ከሆነ አሮጌ ጐማ ይልቅ ስሙ ያልገነነ አዲስ ጐማ ይሻላል እንላለን፤ በዚህ የማይስማሙን ጐሚስታዎች አሉ።

በዚያው ምሽት የእኅታችን ልጅ «ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ ሕግ ለምን አይከለክለውም?» ብሎ ጠይቆን ነበር። በሌላ አገር ይህን ጥያቄ የጠየቀች አንዲት እናት አለች። በእኛ ጳጕሜን 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012፥ በእንግሊዝ አገር በሰሪ አውራጃ ከሙዚቃ በዓል የሚመለሱ ወጣቶችን የጫነ አውቶቡስ የፊት ጐማው ፈነዳና ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋራ ተጋጨ። ሁለት ተሳፋሪዎችና ነጂው ሞቱ። በምርመራ ጊዜ የፈነዳው ጐማ ዕድሜው ከ19 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። ከሞቱት አንዱ የ18 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ጐማው ከእርሱ ይበልጥ ነበር። የዚያ አገር ሕግ ግን በዚያን ጊዜ ስለ ጥርስ ጥልቀት እንጂ ስለ ጐማ ዕድሜ የሚለው አልነበረውም። የልጁ እናት ይህን ሕግ ለማስለወጥ ዓመታት ደከመች፤ በመጨረሻም ከፈረንጅ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ፥ በእኛ ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለት ነው፥ በአውቶቡስና በጭነት መኪና የፊት እግር ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነ ጐማ መጠቀም ተከለከለ። የቤት መኪና በዚህ ክልከላ ውስጥ አልገባም። እዚያም ቢሆን የቤተ ሰቡን ጐማ የሚመረምረው አባወራው ራሱ ነው።

ስለ እኛ ሕግ የተጠየቅን እንደ ሆነ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ኀላፊ እንዲሆን ያዝዛል። ገዢውም የተረከበውን ዕቃ መርምሮ ያገኘውን ጕድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ነገር ግን ከባድ ቸልተኛ ካልሆነ በቀር ከገዢው ዐይን ሊያመልጥ የማይችል ግልጽ ጕድለት ከሆነ፥ ገዢው በሻጩ ላይ የሚጠይቀው ነገር የለም። በጐማው ጐን ላይ በጕልህ የታተመ ቀን ግልጽ አይደለም ብሎ በዳኛ ፊት ለመከራከር የሚደፍር ጠበቃ ይኖር ይሆናል፤ ያለ ደረሰኝ ከተገዛ ግን ክርክሩ ገና ከበሩ ይደናቀፋል።

ሁለት ነገር ቀርቶናል። አንዱ ከኋላ የሚቀመጠው ትርፍ ጐማ ነው። ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋራ አብሮ የተወለደ ስለሚሆን፥ አራቱ ሲለወጡ እርሱ ተረስቶ ይቀራል፤ የሚፈለገው ደግሞ በጭንቅ ቀን በረጅም መንገድ ላይ ነው። የእርሱም ቍጥር ይነበብ። ሌላው ከመኪና የወረደው አሮጌ ጐማ ነው። በረባሶ ለሚሠራ ሰው ቢሰጥ መልካም ነው፤ ሲሰጥ ግን አስቀድሞ ጐኑ በቢላዋ ይቀደድ። ሳይቀደድ የተሰጠ እንደ ሆነ በሳምንቱ ቀለም ተቀብቶ መርካቶ ላይ ቆሞ ይገኛልና።