ሳይቦካ የሚደርስ ቂጣ

መርካቶን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ። መርካቶ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ክፍል ያለች ትልቅ ገበያ ናት። ስሟ የጣሊያን ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ገበያ» ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ የነበረው ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ አዛወረው። እዚህ ሁሉም ነገር በየተራው ነው። ሸማ ተራ አለ። በርበሬ ተራ አለ። ምን አለሽ ተራም አለ፤ የተጣለ ቆርቆሮ ሳይቀር እዚያ ተቀጥቅጦ ዕቃ ይሆናል።

እኛ ማታ ማታ ፊደል የምናስቆጥር ተማሪዎች የተከራየነው ከአንዲት እናት ቤት ነው። እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ በርበሬ ተራ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ባለቤታቸው ጭነት ያወርዳሉ። ሁለቱም ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድ ልጅ አላቸው።

የእትዬ ጭንቀት የቁርስ ነገር ነበር። እንጀራን የሚተካው የለም፤ ነገር ግን ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ካለቀ አለቀ ነው። በርበሬ የበዛበትን ፍርፍር ደግሞ ልጁ አፉን ዘግቶ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሻይ በስኳር ጠጥቶ ያረፍዳል። ሻይ ምን አካል ይገነባል? ክንዱ ሲቀጥን እኛም እናየው ነበር።

መላው የመጣው ከጎረቤት ነው። ጎረቤታቸው ያሉት ባልቴት በወጣትነታቸው በአንድ ህንዳዊ መምህር ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከህንድ የመጡ ብዙ መምህራን በትምህርት ቤቶቻችን ያስተምሩ ነበር። ህንዶችም እንደኛው ቂጣ ይጋግራሉ። ከአንድ ሊጥ ግን ብዙ ዓይነት ያወጣሉ።

አሠራሩን እንንገራችሁ። ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ጨውና አንድ ማንኪያ ዘይት ቀላቅሉ። ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ እሹት። ከዚያ ሸፍናችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፉት። እርሾ አይገባበትም። ያረፈ ሊጥ ሲዳመጥ አይሸሽም። መዳመጫ ከሌለ ጠርሙስ ይበቃል፤ እትዬም የሚዳምጡት በጠርሙስ ነው።

በደረቅ ምጣድ ከጋገራችሁት ቻፓቲ ይባላል። ለትንሽ ልጅ የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ዘይትም የለበትም ማለት ይቻላል። ዘይት ቀብታችሁ፣ አጥፋችሁ፣ እንደገና ዳምጣችሁ ከጠበሳችሁት ደግሞ ፓራታ ነው። የተቀቀለ ድንች አድቅቃችሁ ከሊጡ ጋር ብታሹት ይበልጥ ይለሰልሳል። ጎመን ቀቅሎ፣ አድቅቆ ከትፎ መጨመርም ይቻላል። ሽምብራ የምታመርቱ ደግሞ ለሦስት እጅ ስንዴ አንድ እጅ የሽምብራ ዱቄት ጨምሩበት፤ ገንቢ ነው። በርበሬ ያለበት ሽሮ ግን ለልጅ አይሆንም። ነጭ አዝሙድ ጣል ብታደርጉበት መዓዛው ደስ ይላል። የሚገርመው፣ ህንዶቹም ቂጣቸውን በዚሁ በእኛው ነጭ አዝሙድ ያጣፍጡታል፤ አጅዋይን ይሉታል።

ሦስተኛው ፑሪ ነው። ለእሱ ሊጡ ጠንከር ይበል። ትንንሽ አድርጋችሁ ዳምጡና በጋለ ዘይት ውስጥ ክተቱት። በሊጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ይሆንና ቂጣውን እንደ ኳስ ይነፋዋል። ይህ እንፋሎት ክፉኛ ያቃጥላል። ስለዚህ ቀዳችሁ ሳታበርዱት ለልጅ አትስጡ። ዘይቱ እሳት ላይ ሳለ ልጁ ከእናቱ ጀርባ ይውረድ፤ ሌላ ሰው ራቅ አድርጎ ይያዘው። ተደጋግሞ የጠቆረ ዘይት ደግሞ ይደፋ።

እትዬ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠብቃሉ። የበርበሬ እጅ በቀላሉ አይለቅም። ሊጥ ከመንካታቸው በፊት በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። «ከእጄ ወደ ሊጡ፣ ከሊጡ ወደ ልጄ ዓይን ይሄዳል እኮ» ይላሉ።

አሁን እትዬ እንደተነሱ ያሻሉ። ሻይ እስኪፈላ ሊጡ ያርፋል። ልጁ ቻፓቲውን በትንንሹ ተቆርሶለት፣ በወተት እየነከረ ይበላል። ክንዱም ሞላ ብሏል። ፓራታው ተጠቅልሎ ከአባትዬው ጋር ወደ ሥራ ይሄዳል። ፑሪ ግን ዘይት ስለሚፈጅ የእሁድ ብቻ ነው። ሲነፋ ልጁ ከበር ላይ ሆኖ «ኳስ! ኳስ!» እያለ ያጨበጭባል።